ስትጨርስ አብራልኝ

ጎንደር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው አንድ ሰው ይቅረብ ቢባል፣ የምቀርበው እኔ ነበርኩ። አትፍረዱብኝ። ሌላው ሰው «ኤጭ! ደግሞ ጠፋ!» እያለ ሻማ ሲያስስ፣ እኔ ሱቄን ዘጋግቼ፣ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ከከተማው በላይ ወዳለው ኮረብታ እሮጥ ነበር። ከተማው ሲጨልም ሰማዩ ይከፈታል። ባለቤቴ ሰሚራ «የሰው ልጅ ሁሉ ብርሃን ይወዳል፤ እኔን ለጨለማ ወዳጅ ዳሩኝ!» እያለች ለእናቷ ስሞታ ታቀርብብኝ ነበር። እናቷ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ያስቀኝ ነበር።

ስሜ ኑሩ ነው። አያቴም አባቴም ጎንደር ላይ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፤ እኔም እስከ ዛሬ የምሸጠው ያንኑ ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ገና ሰላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ካሜራዋን ያገኘኋት ከአንድ አስጎብኚ ደንበኛዬ ነው፤ እሱም ከአንድ ፈረንጅ ነው ያገኛት። ማሰሪያዋ ተበጥሷል፣ ጠርዟ ተፋፍቋል፣ ግን ትሠራለች። አጠቃቀሟን የተማርኩት ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ፣ አንድ ገጽ እስኪከፈት ሩብ ሰዓት እየጠበቅሁ ነው። ማቆሚያ ስታንዷን ደግሞ የሰፈራችን ብየዳ ሠሪ ከብረት ቱቦ ሠራልኝ። ክብደቷ አይነገርም! ተሸክሜያት ዳገት ስወጣ ያየኝ ሁሉ «ኑሩ፣ መትረየሱን ከየት አመጣኸው?» ይለኝ ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ። የሌሊት ፎቶ እንደ ቀኑ ቀጭ አድርገው የሚሄዱበት አይደለም። የካሜራዋ ዓይን ሰላሳ ሰከንድ ያህል ተከፍቶ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያገኘችውን ብርሃን ሁሉ ታጠራቅማለች። የእኛ ዓይን የማያየውን ኮከብ ታያለች። የቆመ ብርሃን ነጥብ ሆኖ ይወጣል፤ የሚንቀሳቀስ ብርሃን ግን እንደ ክር ይሳባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች። እንዲህ እያደረጉ መቶ ሁለት መቶ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ በኮምፒውተር መደራረብ ነው፤ ያኔ ኮከቦቹ ሰማይ ላይ ክብ ሠርተው ሲዞሩ ይታያሉ። ታዲያ ይህ እንዲሆን ስታንዷ ንቅንቅ ማለት የለባትም፣ በፎቶው ውስጥም ጠንካራ መብራት መኖር የለበትም።

ስለዚህ ጠላቴ መብራት ነበር። ጎረቤታችን የነበሩትን አዛውንት ሐጂ «የበረንዳውን አምፖል ለአንድ አፍታ ያጥፉልኝ» እያልኩ ስንት ጊዜ አስቸግሬያቸዋለሁ! የማላውቀውን ሰው በር ሁሉ አንኳኳ ነበር። የአገራችን ሰው ይሉኝታው ብዙ ነው፤ ፊት ለፊት ቆሞ ለለመነው ሰው እምቢ ማለት ይቸግረዋል። ያጠፋልኛል። መብራቱ ለምን እንደበራ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በኅዳር ወር ነው። ክረምቱ አልቆ ሰማዩ ጠርቷል፣ ጨረቃም የለችም። ሳምንት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ቀን ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ለሰሚራ «ኮሶዬ ደርሼ እመጣለሁ» አልኳትና ስታንዷን ሞተር ሳይክሌ ላይ ጠፍሬ በደባርቅ መንገድ ወጣሁ።

የኮሶዬ ብርድ አይጣል ነው። ከመንገዱ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አለፍ ብለው ትንሽ ከሄዱ መሬቱ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፣ ከታች ቆላው ይታያል። እኔ የመረጥኩት ቦታ ላይ ገደሉ እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። አንደኛው ጫፍ ላይ ብትቆሙ ሌላኛው ጎን ፊት ለፊታችሁ ነው። በዚያኛው ጎን ከቆላ የሚመጣው የእግር መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ መንገዱ ሲያልቅ ከላይ አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለች። በመሃል፣ ገደሉ በሚታጠፍበት ላይ፣ አንዲት ትልቅ የኮሶ ዛፍ ብቻዋን ቆማለች። ሐሳቤ ዛፏን ከፊት፣ ኮከቦቹን ከኋላ አድርጌ ማንሳት ነበር።

ስታንዷን ተክዬ ስጨርስ ጀምበር ጠለቀች። ፋኖሱን ያየሁት ያኔ ነው። ከቆርቆሮ ቤቷ ደጅ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ፋኖስ ተሰቅሏል። ወይ ጉድ! በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ አንዲት ፋኖስ፣ እሷም ልክ ፎቶዬ ውስጥ! በካሜራዋ ሞከርኩት፤ የፎቶው ቀኝ ጎን እንዳለ ነጭ ሆነ። ደሜ ፈላ። ሞተሬን እዚያው ትቼ ገደሉን በእግሬ ዞሬ ወደ ቤቷ ሄድኩ።

«ቤቶች! እንደምን አመሻችሁ!»

ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት ሴት ወጣች። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን ይነጫነጫል።

«እንደምን አመሸህ ወንድሜ። ምነው ብርድ ላይ ቆምክ? ግባ እንጂ።»

«ኑሩ እባላለሁ እቴ፣ ከጎንደር ነው የመጣሁት። እዚያ ማዶ ፎቶ ላነሳ ነበር።»

ፊቷ ጠቆር አለ። «ባለ ሦስት እግሯን ስትተክል አይቼሃለሁ። መሬት ልትለካ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! ኮከብ ነው የማነሳው።»

«ኮከብ ቆጣሪ ነህ?»

«ጨርቅ ሻጭ ነኝ።»

ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ስሟ ውድነሽ ነው። ሳልቀምስ ወዴትም እንደማልሄድ ነገረችኝና አስገባችኝ። «ኑሩ ካልክማ የእስላም ልጅ ነህ። አይዞህ፣ ሥጋ የለበትም» ብላ ትኩስ የድንች ቅቅል በሚጥሚጣ አቀረበችልኝ። እየበላሁ እንኳ ዓይኔ በበሩ በኩል ፋኖሱ ላይ ነበር።

«እቴ ውድነሽ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያን ፋኖስ ለአሥር ደቂቃ ብናጠፋውስ? ፎቶዬን እያበላሸብኝ ነው።»

የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ወደ ገደሉ አየች፣ ወደ ፋኖሱ አየች።

«አሥር ደቂቃ?»

«አሥር ደቂቃ ብቻ። ከዚያ እኔው ራሴ መጥቼ አበራዋለሁ። አንቺ ብርድ ላይ አትውጪ፣ ልጁንም አሞታል።»

ዝም አለች። ያ ዝምታ «ይቅርብህ» ማለት እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ነገር ግን እንግዳ ነኝ፤ ቤቷ ገብቼ ድንቿን በልቻለሁ። በዚያ አገር እንግዳ የጠየቀውን መንሳት ነውር ነው። እኔም ይህን አላውቅም አይባልም፣ እዚያው ነው ያደግሁት። አውቄ ነው የተጠቀምኩበት።

«ሸጋ» አለች በመጨረሻ። ከመቀነቷ ውስጥ ክብሪት ፈታ ሰጠችኝ። «ስትጨርስ አብራልኝ። አደራ።»

«አደራ!» አልኩና ክብሪቱን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ፋኖሱን አውርጄ እፍ አልኩበት። ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር።

እውነት አሥር ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር። ሰማዩ ግን! የመጀመሪያውን ፎቶ ሳይ «ያ አላህ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ዛፏ ብቻ ጥቁር ሆና ስለወጣች ትንሿን የእጅ ባትሪዬን አብርቼ፣ በመሃረብ ጠቅልዬ ከዛፏ ሥር ድንጋይ መሃል ሰካኋት። ደብዘዝ ያለ ቢጫ ብርሃን ግንዷ ላይ አረፈ። ውይ ማማሯ! ከዚያ ካሜራዋ ሳታቋርጥ እንድታነሳ ቁልፏን ቆልፌ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ከገደሉ ለሚመጣው ነፋስ ጀርባዬን ሰጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መሃል ላይ ከተቋረጠ የኮከቦቹ ክብ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ «ትንሽ ትጨምር» አልኩ። አሥሩ ደቂቃ ሃያ ሆነ፣ ሃያው አንድ ሰዓት ሆነ። ፋኖሱን ረሳሁት ብላችሁ ውሸት ነው። «ሴትዮዋ ተኝታለች፣ ምን ቸገራት» እያልኩ ነው የተቀመጥኩት።

ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ማዶ በር ሲከፈት ሰማሁ።

«ኑሩ! አንተ ኑሩ!»

«አቤት!»

«ምነው ፋኖሱን አላበራኸውም?»

«እየጨረስኩ ነው እቴ! ትንሽ ቀረኝ!»

«ባለቤቴ ሙላት አልመጣም እኮ!» አለች። «ፋኖሱን እያየ ነው የሚወጣው!»

ገደሉን እንዴት ዞሬ እንደደረስኩ አላውቅም። ክብሪቱን አውጥቼ ስጭር ሦስት እንጨት ሰበርኩ፤ በአራተኛው ፋኖሱ በራ። እንጨቱ ጫፍ ላይ ስሰቅለው እሷ አጠገቤ ቆማ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ባለቤቷ አያ ሙላት ቆላ ወርዶ የአጎቱን ሙት ዓመት ውሎ እየተመለሰ ነው። ከታች ስልክ ከሚሠራበት ላይ ደውሎ «ሦስት ሰዓት ላይ እገባለሁ» ብሏታል። መንገዱ ጫፍ ሊደርስ ሲል በክረምቱ ናዳ ተንዶ ለሁለት ተገንጥሏል፤ አንደኛው ወደ ቤት ይወጣል፣ ሌላኛው የፍየል መንገድ ነው፣ ገደል አፍ ላይ ያልቃል። በጨለማ ሁለቱ አይለዩም። ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ቆላ በወረደ ቁጥር ፋኖስ ይሰቀላል። መገንጠያው ላይ ሲደርስ ፋኖሱን በግንባሩ ትይዩ አድርጎ ነው የሚወጣ።

አንድም የቁጣ ቃል አልወጣትም። ቢወጣት ይሻለኝ ነበር። ወደ ገደሉ አፍ ጠጋ ብላ «ሙላት! ሙላትዬ!» ብላ ጮኸች። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ ድምጿን መልሶ ያመጣባታል። መልስ የለም።

ጩኸቷን ሰምቶ ወንድሟ ደሳለኝ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ገመድና ባትሪ ይዞ መጣ። ደሳለኝ ጎረምሳ ነው፣ ቁጡ ነው።

«ፋኖሱ በርቶ የለም እንዴ? እንዴት ይቀራል?» አለ። ቀጥሎ እኔን አየ። «አጥፍቶት የነበረ አለ?»

«እሱን አሁን ተወው!» አለችው እህቱ። «ሰውዬውን ፈልጉልኝ!»

በመንገዱ ወረዱ። መገንጠያው ድረስ ሄደው፣ ተጣርተው፣ ተመልሰው መጡ። የፍየሉ መንገድ ብዙ ቦታ ይበታተናል፤ በየትኛው ይግቡ? ጎህ እስኪቀድ እንጠብቅ አለ አንደኛው ጎረቤት። ውድነሽ እንዳትወድቅ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። እኔ ምንም የማልረባ ሰው ሆንኩ። ቢያንስ ያችን የተረገመች ካሜራ ላጥፋት ብዬ ተመልሼ ሄድኩ።

ካሜራዋ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቀጭ፣ ቀጭ እያለች ታነሳለች። ቁልፏን ለቅቄ የመጨረሻውን ፎቶ አየሁ። ምንም የለም። ወደ ኋላ መለስ መለስ አልኩ። ድንገት ከፎቶው ታች፣ በቀኝ ጎን፣ ከፀጉር የቀጠነች ቢጫ ክር አየሁ።

አጎላሁት። ክሯ በእግር መንገዱ ላይ ናት። በሚቀጥለው ፎቶ ትንሽ ወደ ላይ ወጥታለች፣ በሚቀጥለው ደግሞ ተጠምዝዛለች። የሰው የእጅ ባትሪ ነው፤ አያ ሙላት ዳገቱን ሲወጣ ነው። መገንጠያው ላይ ስትደርስ ክሯ ነጥብ ሆነች፤ ስምንት ዘጠኝ ፎቶ ላይ እዚያው ናት። ቆሞ ፋኖሱን እየፈለገ ነበር! ከዚያ ተነሳች። ወደ ቤቷ አልሄደችም። ወደ ግራ፣ ወደ ኮሶዋ ዛፍ፣ እኔ በመሃረብ ጠቅልዬ ወደ ሰካሁት ብርሃን ቀጥ ብላ ሄደች።

ፋኖሱን ማጥፋቴ ሳያንስ በተሳሳተ ቦታ ሌላ ብርሃን አብርቼ የጠራሁት እኔ ነኝ! ቀጣዩን ፎቶ ለመክፈት ጣቴ እምቢ አለኝ። ከፈትኩት። ክሯ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጣ ቁልቁል አጭር መስመር ሠርታለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ፎቶዎች ላይ ነጥብ ብቻ ናት፤ አትነቃነቅም። እየደበዘዘች፣ እየደበዘዘች ሄዳ ጠፋች።

«ደሳለኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ደሳለኝ፣ ና! የት እንዳለ አውቄያለሁ!»

እየሮጠ መጣ። አሳየሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የአያ ሙላት ባትሪ ነው። ካሜራዋ ዓይኗን ከፍታ ስለምትቆይ የሄደበትን ሁሉ ትስለዋለች። እይ፣ እዚህ ላይ ወደቀ። እዚህ ነው ያለው።»

ደሳለኝ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየ። «መገንጠያውስ ይሄው፣ ልክ ነው። ይሄ ነጥብ ግን በጨለማ የት ተብሎ ይገኛል? ገደሉ ሁሉ አንድ ነው።»

ስታንዷን ሊደገፍ እጁን ሲዘረጋ በድንጋጤ እጁን መታሁት። «እንዳትነካት! ለእግዜር ብለህ! እሷ ከተነቃነቀች ቦታው ጠፋ ማለት ነው።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ካሜራዋ ካልተነቃነቀች አዲስ የማነሳው ፎቶ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው። የጨርቅ ነጋዴ ኪስ ውስጥ የማይጠፋ ነገር ቢኖር ጠመኔ ነው። ነጥቧን ሳላጎላ ከፈትኳትና ፎቶው በሚታይበት በካሜራዋ የጀርባ መስታወት ላይ፣ ልክ እሷ ባለችበት፣ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ።

«እናንተ ባትሪ ይዛችሁ ውረዱ» አልኩት። «እኔ ከዚህ እያነሳሁ የእናንተ ብርሃን ከምልክቱ ጋር እስኪገጥም እመራችኋለሁ።»

ደሳለኝ ገመዱን ትከሻው ላይ አደረገና ወረደ። ውድነሽ ሕፃኑን ለጎረቤት ሴት ሰጥታ ከዛፏ ሥር ቆመች፤ እኔ የምላትን ተቀብላ ቁልቁል ትጮህላቸዋለች። ከእኔ ሲታይ ግራ የሆነው ከእነሱ ሲታይ ቀኝ ስለሚሆን «ወደ ኮሶው» እና «ወደ ቤቱ» ተባባልን። ከዚያ በፊት ያመነችኝን ሴት ጉድ ሠርቻታለሁ። አሁንም አፌን እያየች ነው።

«ወደ ኮሶው!» እላለሁ።

«ወደ ኮሶውው!» ትላለች።

አሥር ሰከንድ አነሳለሁ፣ አያለሁ። ብርሃናቸው ከምልክቱ በላይ ነው። «ወደ ታች! ቀስ ብለው!»

«ወደ ታችች! ቀስ እያላችሁ!»

በመሃል የካሜራዋ ቻርጅ ቀይ ማሳየት ጀመረ። ትርፍ ባትሪ የለኝም። ብርድ ቻርጅ እንደሚበላ አውቃለሁ፤ ባትሪዋን ከሆዷ አውጥቼ ብብቴ ሥር አስገባሁና እየቆጠርኩ ቆምኩ። ያንን ሳደርግ ስታንዷን እንዳልነካ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ውድነሽ «ምነው ዝም አልክ? ኑሩ! ምነው?» እያለች ትጮኻለች። ሞቅ ሲላት መልሼ አስገባኋት። ነፍስ ዘራች።

አነሳሁ። ቀርቧል። «ትንሽ ወደ ቤቱ! ሁለት እርምጃ!» እንደገና አነሳሁ። የእነ ደሳለኝ ብርሃን ከጠመኔው ምልክት ሥር ገብቶ ጠፋ።

«ገጠመ! እዚያው ነው! ቁሙ!»

ካሜራዋ ቻርጇ አልቆ ጠፋች። ውድነሽ መሬት ላይ ተንበርክካ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ትላለች፤ እኔም በእኔ ቋንቋ የማውቀውን ሁሉ እላለሁ። ከዚያ ከታች የደሳለኝ ድምፅ መጣ።

«አለ! ውድነሽ! አለ! ይተነፍሳል!»

አያ ሙላት የተንጠለጠለው ከገደሉ ወገብ ላይ፣ ከበር የማትሰፋ ድንጋይ ላይ ነበር። እግሩ ተሰብሯል፣ ጎድኑ ተጎድቶ መጮህ አልቻለም። እነ ደሳለኝ ሲጣሩ ይሰማ ነበር። በገመድ አውጥተው፣ በቃሬዛ ተሸክመው ቤት ያስገቡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ሲነጋ ቤቱ በሰው ተሞላ። ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት የሚወስድ አይሱዙ እስኪመጣ እየጠበቅን ነው። የመጣው ሁሉ እኔን ይመርቃል። «ይህ የእስላም ልጅ ባይኖር» ይላል። አንዲት አሮጊት ግንባሬን ሳሙኝ። ደሳለኝ እንኳ አንገቴን አቅፎ «የሌሊቱን ጥርጣሬዬን ይቅር በለኝ» አለኝ። ምርቃቱ በየቦታው ይወጋኛል።

አያ ሙላት እግሩ በእንጨት ታስሮ ተጋድሟል። ቀስ እያለ ያወራል። «መገንጠያው ላይ ስደርስ ፋኖሱ የለም። ቆየሁ። አንድ ጊዜ ከኮሶው ግድም ብርሃን አየሁ፤ ቦታ ቀይራዋለች ብዬ ወደዚያ ሄድኩ። ለመሆኑ ፋኖሱን ምን አጠፋው?»

«ነፋስ ነው» አለች ውድነሽ። እኔን አላየችኝም።

ከዚያ የበለጠ መከለል በሕይወቴ አላየሁም። በሩን ከፍታልኛለች፤ ዝም ብዬ መውጣት ነው። የተመረቅሁበት ምርቃት የእኔ ሆኖ ይቀራል፣ ማንም አያውቅም። ግን ኪሴ ውስጥ ክብሪቷ አለች፣ እጄም እዚያው ነው።

«ነፋስ አይደለም አያ ሙላት» አልኩ። «እኔ ነኝ። ለፎቶዬ ስል አሥር ደቂቃ ብዬ ለምኜ አጠፋሁት። አበራለሁ ብዬ አደራ ተቀብዬ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ከኮሶው ሥር የነበረውም ብርሃን የእኔ ነው።»

ደሳለኝ ብድግ አለ። አያ ሙላት እጁን አነሳ፤ «ተቀመጥ» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«እሷ ነፋስ ነው ካለችልህ በኋላ ምነው ተናገርክ?»

«አላስችል አለኝ።»

ዓይኑን ጨፈነ። የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ሕመሙ ነው። ሲገልጠው ድምፁ ለስለስ አለ። «ሌላ ጊዜ መብራት ስታይ ለማን ነው ብለህ ጠይቅ። መጠየቅ ምን አለበት?»

«እሺ አያ።»

«ክብሪታችንስ?»

ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁ። ጎድኑን ይዞ ሳቀ። «ተቀበይው ውድነሽ፤ ሌላ የለንም እኮ።»

አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። አይሱዙው ሲመጣ ከኋላ አብሬው ተቀምጬ፣ እግሩ እንዳይንገጫገጭ በጋቢዬ ደግፌ ጎንደር አደረስኩት። እስኪወጣ ድረስ ሰሚራ ምሳና ራት አመላልሳለታለች።

አንባቢዎቼ፣ እኔ እንደዚያ ዓይነት ምሕረት የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም። ዛሬም ድረስ ሳስበው የሚገርመኝ ጥፋቴ ሳይሆን የእነሱ ልብ ነው። እንደተመለስኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ወደ ጎረቤታችን ሐጂ መሄድ ነበር። «የበረንዳው መብራት ለማን ነው የሚበራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ነርስ ናት፤ የማታ ተረኛ ስትሆን ሌሊት ትገባለች፣ ደረጃው የተሰበረ ስለሆነ እንዳትወድቅ ነው። ስንት ጊዜ አስጠፍቻቸዋለሁ! «ምነው አልነገሩኝም?» ስላቸው «አልጠየቅኸኝማ» አሉኝ። ደረጃውን አስጠገንኩላቸው፤ መብራቱን ግን ዳግመኛ አላስጠፋሁም። የሌሊት ፎቶ ማንሳቴን አልተውኩም። አሁን ከማንሳቴ በፊት በየቤቱ ዞሬ እጠይቃለሁ፤ መብራቱ ካለ ከነመብራቱ አነሳለሁ። እነዚያን የኮሶዬ ፎቶዎች ደራርቤ የሠራሁት አንድ ፎቶ ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል። ደንበኛ ሁሉ ኮከቦቹን አድንቆ «ታች ያለችው ቢጫ ክር ምንድን ናት? ተበላሽቶብህ ነው?» ይለኛል። ጊዜ ካለው ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ።

በዓመቱ፣ በዚያው በኅዳር፣ ከሰሚራ ጋር ኮሶዬ ሄድን። አያ ሙላት እግሩ ድኗል፣ ትንሽ ያነክሳል። የዚያን ዕለት ግን ቤት አልነበረም፤ ለዚያው ለአጎቱ ሁለተኛ ሙት ዓመት ቆላ ወርዷል። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ውድነሽ ፋኖሱን ይዛ ወጣች። ከመቀነቷ ውስጥ ክብሪት ፈታ ወደ እኔ ዘረጋች።

«ዛሬ አንተ አብራው» አለችኝ።

አበራሁት። እንጨቱ ጫፍ ላይ ሰቅዬ ከሥሩ ተቀመጥኩ። ሰማዩ ያን ዕለት ካለፈው ዓመት ይበልጥ ነበር፤ ሰሚራ «ካሜራህን አታወጣም እንዴ?» አለችኝ። «ዛሬ ይቅር» አልኳት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ግን አልተነሳሁም። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ከታች የእጅ ባትሪ ብልጭ አለች። ተጠማዘዘች፣ ቀረበች፣ መገንጠያው ላይ ሳትቆም ወደ እኛ ታጠፈች።

አያ ሙላት ዱላውን ተደግፎ፣ እያለከለከ ብቅ አለ። ገና ሰላም ሳይለን ቀና ብሎ ፋኖሱን አየ።

«ፋኖሱን ማን ነው ያበራው?» አለ።

«ኑሩ ነው» አለች ውድነሽ።